የማስ ኤዝራ በርሜል

የማስ ኤዝራ፣ የጋሽ ኤዝራ እንደማለት፣ ቀኝ እጅ ከወደቀ ወዲህ በዚያ ቤት ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ጠፋ። እጁ አልተሰበረም፣ አላበጠም። ክንዱን ሲያነሣ መዳፉ ከአንጓው ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ቁልቁል ይንጠለጠላል እንጂ አይታዘዘውም። ዕድሜውን ሙሉ የበርሜል ቀለበት በመዶሻ ሲያጠብቅ የኖረ እጅ አሁን ማንኪያ መያዝ አቃተው።

ከእጁ በፊት የታመመው ሆዱ ነበር። ሲነሣበት ትራሱን ነክሶ ይንበረከካል፤ ላብ ያጠምቀዋል። ሚስቱ አይሲልዳ በሞቀ ጨርቅ እየተኮሰች «ደረቅ ቁርጠት ነው፣ ያልፋል» ትለው ነበር። ደረቅ ቁርጠት የአያት የቅድመ አያት ቃል ነው። በትሬላውኒ አውራጃ ጥሬ ማንጎ የበላ ልጅም፣ ሲጠጣ ያመሸ ጎረምሳም ሆዱን ከያዘ ደረቅ ቁርጠት ያዘው ይባላል። ለምን ደረቅ እንደተባለ ጠይቆ የሚያውቅ የለም።

ለእጁ ግን ሰፈሩ ሌላ ምክንያት ነበረው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሊንቫል ነው ይሉ ነበር።

ሊንቫል ከሞተ ቆይቷል። በትልቁ አውሎ ነፋስ ጊዜ የሎጋን ሆል የሩም፣ የሸንኮራ አገዳ አረቄ፣ መጋዘን ጣሪያ ተገንጥሎ ሲወድቅ፣ አብረው በርሜል ይሠሩ ከነበሩት ከሁለቱ ጓደኛሞች ሊንቫል ከወደቀው እንጨት ሥር ቀረ፣ ኤዝራ ወጣ። ነፋሱ ሲበርድ ኤዝራ ተመልሶ ፍርስራሹ ውስጥ ገባ፤ ጎኑ የተሰነጠቀ አንድ በርሜል አገኘና ሩሙን አስገልብጦ፣ ስንጥቁን ጠግኖ፣ መልሶ ሞላው። በዚያ ግቢ በርሜል ያዳነ ከበርሜሉ ይጠጣል፤ የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ በየገናው ከዚያ በርሜል አንድ ጠርሙስ ለማስ ኤዝራ ይቀዳለት ነበር። እሱ ግን አይከፍተውም። «የእርጅናዬ ነው» እያለ አልጋው ሥር ይደረድረዋል፤ ለልጁ እንኳ አላስቀመሳትም። አምና ጡረታ ወጣና መጠጣት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ሆዱ ተነሣበት፤ ከዚያ እጁ ወደቀ።

«የሁለት ሰው በርሜል አንዱ ብቻውን ይጠጣዋል እንዴ?» ብላ ነበር ጎረቤታቸው ሚስ ዩና በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ። «ሊንቫል ድርሻውን ነው የሚጎትተው። እጁን ይዞ።»

ቀልድ ይመስል ነበር። ማንም ግን አልሳቀም።

የኤዝራ ልጅ ዴልሮዝ እንዲህ ያለውን ነገር ቀን ቀን አታምንም። ኪንግስተን ሄዳ ኬሚስትሪ ተምራ የተመለሰች፣ እዚያው ሎጋን ሆል ሩም ስትቀምስ የምትውል፣ ከሰው ጋር ብዙ የማታወራ ልጅ ናት። ሲመሽ ግን አባቷ መስኮቱን ዝጉልኝ ብሎ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ሲቀር፣ የተማረችው ሁሉ ከላይዋ ይገፈፋል። ከተማ ወስደውት ሐኪሙ ለሆዱ ክኒን፣ ለእጁ ቅባት ሰጥቶ፣ ካልተሻለው መልሱት ብሏቸው ነበር። አልተሻለውም። መልሰን እንውሰደው ስትል ደግሞ አባቷ አሻፈረኝ ይላል፤ ሐኪም ሙት አያስለቅቅም ይላል። ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ቆዳው አመድ መስሏል፤ አፉን ሲከፍት ድዱ ላይ ከጥርሱ ሥር ሰማያዊ ጥቁር መስመር ይታያል። በዚህ አያያዙ የዝናቡን ወራት እንደማይሻገር እናትም ልጅም ያውቃሉ። አውጥቶ የሚናገረው ግን አልነበረም።

አይሲልዳ የምታደርገው አንድ ነገር ነበር። የሴራሲ ሐረግ ትቀቅላለች፤ ከሐሞት የሚመር ቅጠል ነው። እሱን ከአልጋው ሥር ካለው አሮጌ ሩም ጋር ትቀላቅልና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በማንኪያ ታጠጣዋለች። ያረጀ ሩም በሽታንም ሙትንም ያባርራል ብላ ታምናለች። ከማጠጣቷ በፊት ጥቂት ጠብታ ደጃፉ ላይ ትረጫለች።

የዚያን ቀን ጠዋት ዴልሮዝ ለሥራ ስትነሣ እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ኤዝራ አፉን እንደ ወፍ ጫጩት ከፈተ። ዋጠና ፊቱን ሳያጨማድድ ከንፈሩን ላሰ።

«አይመርህም?» አለችው ልጁ።

«ይቺ ሩም መራራውን ትገድለዋለች» አለ። «ዛሬ ትከፍቷታላችሁ አሉ፤ እውነት ነው?»

እውነት ነው አለችው። የኤዝራ በርሜል ከሌላ ሩም ሳይደባለቅ፣ ውሃ ሳይነካው፣ በገዛ ጉልበቱ በጠርሙስ ሊታሸግ ይበቃ እንደሆነ የሚታይበት ቀን ነበር። ኤዝራ የሚታዘዝለትን እጁን ዘርግቶ ክንዷን ያዘ።

«ስትቀምሺ ቁጭ ብለሽ ቅመሺ። ደግሞ መጀመሪያ ለሱ አፍስሱለት፤ ግሌንሮይ እንዳይረሳ።»

እሱ ማለት ማን እንደሆነ አልጠየቀችውም። እስከ ሎጋን ሆል ግቢ በር ድረስ፣ ከግራና ከቀኝ ሸንኮራ አገዳው እየተንሿሿ፣ የአባቷ ጣቶች ክንዷ ላይ ያሉ ይመስላት ነበር።

መጋዘኑ ውስጥ ሁልጊዜ ጨለም ያለና እርጥብ ነው። አየሩ ራሱ ያሰክራል፤ አዲስ ሰው ገብቶ ሲንገዳገድ ሠራተኞቹ ይስቁበታል። ዋናው ቀማሽ ሚስተር ፊትዝሮይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይጠብቃት ነበር። የመጋዘኑ ሰው ግሌንሮይ በርሜሉን አንከባሎ ወደ በሩ ብርሃን አቅርቦታል። ውታፉን ነቅሎ ረጅሙን መቅጃ ነከረና የመጀመሪያውን መሬቱ ላይ አፈሰሰ።

«ሊንቫል፣ እንካ ያንተን» አለ። «የማስ ኤዝራን እጅ ግን ልቀቅ።»

«በጠዋቱ ሙት አትቀስቅስብን» አለው ፊትዝሮይ። «የከፈትነው በርሜል ነው፣ መቃብር አይደለም።»

«እኔ አልቀሰቀስኩትም ጌታዬ። በዚህ ሽታ ማን ይተኛል?»

ፊትዝሮይ ሳቀ። ዴልሮዝ መሬቱ ላይ የፈሰሰው እርጥበት ሲጠፋ እያየች ነበር። ቶሎ ነው የጠፋው። እንዲያ የሚያደርገው የአልኮሉ ጉልበት ብዛት መሆኑን ታውቃለች፤ ቢሆንም እግሯን ከቦታው ሰበሰበች።

ብርጭቆው ተሰጣት። ከበርሜል እንደወጣ ያለ ሩም አፍንጫን ይሰብራል። ፊትዝሮይ ሥራውን ሲያስተምራት፣ እንደማታውቂው ውሻ ቁጠሪው ብሏት ነበር፤ አትሩጪበት፣ መጀመሪያ እሱ ያሽትሽ። ብርጭቆውን ከአገጯ በታች ያዘች፣ አፏን ገርበብ አድርጋ ጠበቀች። መጀመሪያ የመጣው የእንጨት ቫርኒሽ ነው። ቀጥሎ ከመጠን በላይ የበሰለ አናናስ፣ መሬት ላይ ወድቆ ንብ የወረረው። ከዚያ ሙዝ። ከሥሩ የፈረስ ኮርቻ፣ ትምባሆ፣ በጨው የተነከረ ወይራ። ዓይኗን ጨፈነች። እንዲህ ያለ ነገር አሽታ አታውቅም ነበር። አንድ ቤት ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያወራ ይመስላል፣ ሆኖም የሁሉም ቃል ለየብቻው ይሰማል።

ከደስታው ጋር ፍርሃቱ መጣ። አባቷን አልጋ ላይ የጣለው ይህ ከሆነስ? ሊንቫል ባይሆንም እንኳ፣ ይህ ራሱ ቢሆንስ? ሐሳቡ ከየት እንደመጣ አላወቀችም፤ ገፋችው።

መዳፏ ላይ ጥቂት አፍስሳ ሁለት እጇን አሸች። አልኮሉ ሲተን የሚቀረው የእንጨቱ ሽታ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ቀመሰች። ምላሷን አቃጠላት፤ ምራቋ እስኪያለዝበው ጠበቀች። አናናሱ ተከፈተ፣ ትምባሆው መጣ፤ ከኋላ፣ ሁሉም ካለፈ በኋላ፣ ምላሷ ጫፍ ላይ ጣፋጭ ነገር ተኛ።

ባልዲው ውስጥ ተፋችው።

«ማር!» አለ ፊትዝሮይ፤ እሱም ተፍቶ ከንፈሩን እየጠረገ። «በየዓመቱ እቀምሰዋለሁ፣ በየዓመቱ ይጨምራል። የእንጨቱ ተአምር ነው። ግሌንሮይ፣ አንተም ቅመስ፤ ለልጅ ልጆችህ ትነግራለህ።»

ግሌንሮይ ሲቀምስ ዴልሮዝ ምላሷን ላንቃዋ ላይ እያሸች ጣፋጩን ትመረምር ነበር። ሩም ጣፋጭ ይሸታል እንጂ ጣፋጭ አይደለም። ሲፈላ ተን ሆኖ የሚወጣው ስኳር ይዞ አይወጣም፤ ስኳሩ ከዝቃጩ ጋር እታች ይቀራል። ያረጀ እንጨት የቫኒላ ሽታ ይሰጣል፣ ቀለም ይሰጣል፣ ምላስን ያደርቃል። ጣፋጭነት አይሰጥም፤ ቢሰጥም እንዲህ አይደለም። ምላሷ ተሳስቶ እንዳይሆን ውሃ ተጉመጠመጠችና አጠገቡ ካለው በርሜል ቀድታ ቀመሰች። ደረቅ ነው። አፏን እንደ ሻይ ቅጠል አኮማተረው። ተጉመጠመጠችና ወደ አባቷ በርሜል ተመለሰች። አሁንም ጣፋጭ ነው። ጠርዝ የሌለው፣ ክብ፣ ደስ የሚል። ምላሷ ላይ ቁጭ ብሎ አልሄድም አለ።

«ምነው፣ ጠላሽው?» አለ ፊትዝሮይ።

«ባትሪ አለዎት?» አለችው።

ግሌንሮይ የስልኩን መብራት አበራላት። በውታፉ ቀዳዳ ዓይኗን አስጠግታ አየች። ከሩሙ ከፍ ብሎ፣ ከተቃጠለው ጥቁር እንጨት መካከል፣ አንድ ነገር ግራጫ ሆኖ ያብለጨልጫል። ወደ ውጭው ጎን ዞረች። እዚያም አለ፤ በትናንሽ ሚስማር ዙሪያውን የተመታ ግራጫ ልባጭ። በጥፍሯ ፋቀችው። እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው፤ የጥፍሯ ምልክት ቀረበት።

«የአባትሽ ጥበብ ነው» አለ ፊትዝሮይ በኩራት። «ከወደቀው ጣሪያ ቦይ ላይ እርሳሱን ገፎ፣ ከውስጥም ከውጭም አለበሰው። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አልፈሰሰውም።»

እርሳስ። አሲድ ሲበላው ጣፋጭ መርዝ የሚያወጣ ብረት። ያን ጊዜ ነው ቃሉ የመጣላት። ኪንግስተን ሳለች አንድ አስተማሪ ነበር፤ የጥንቱ ዘመን ሩም ማፍያ ቱቦው እርሳስ እንደነበር፣ የሚጠጡት ወታደሮች ሆዳቸውን እየቆረጣቸው፣ ኋላም መዳፋቸው እየተንጠለጠለ እንደሞቱ፣ የበሽታውም ስም ደረቅ ቁርጠት እንደነበር ተናግሮ አለፈ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሁሉም ቃሉን ከአያቱ አፍ ያውቀዋላ። ዴልሮዝም ስቃለች። የበሽታውን ስም እናቷ በየቀኑ እየጠራችው ኖራለች፤ የጠራችው ሳታውቀው ነው።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። በርሜሉን ተደገፈች፤ መልሳ ደግሞ እንደ ትኩስ ነገር ለቀቀችው። ስለ ድዱ መስመር፣ ስለ እጁ፣ ስለ ማንኪያው ለፊትዝሮይ ነገረችው። ስትናገር ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስላት ነበር። ፊትዝሮይ መጀመሪያ ፈገግ አለ። ሩም በእርሳስ ላይ ሲከርም፣ ያውም ይህን ያህል አሲድ ያለው ሩም፣ ምን እንደሚያደርገው ከሷ ይልቅ ያውቃል፤ ማወቁ ቀስ እያለ ፊቱ ላይ ሲወጣ አየችው። ቀኝ እጁን አነሣና ጣቶቹን ዘረጋ፣ ጨበጠ፣ እንደገና ዘረጋ።

«እኔ በዓመት አንድ ጉንጭ ነው» አለ፤ ለማን እንደሚለው አይታወቅም። «እሱንም እተፋለሁ።»

«እኔ ውጬዋለሁ» አለ ግሌንሮይ።

«አንድ ጊዜ ነው፤ አይገድልህም። ውታፉን ምታው። ማንም እንዳይነካው።» ከዚያ ወደ ዴልሮዝ ዞሮ ስለ ምርመራውም ስለ ባለቤቶቹም እሱ እንደሚጨነቅ፣ ግሌንሮይም የጭነት መኪናውን ይዞ እንደሚከተላት ነገራት። «ምላስሽ ቢሳሳት ደስ ይለኝ ነበር» አላት። «ግን አልተሳሳተም። ሂጂ።»

በመንገድ ላይ ለእናቷ ደወለች። ስልኩ ብዙ ጠራ።

«እማዬ፣ አሁን እንዳትሰጪው» አለች።

«ምኑን?»

«መድኃኒቱን።»

«አሁን ሰጠሁት» አለች አይሲልዳ፣ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንዲያውም ጨመር አድርጌለታለሁ። እንቅልፍ ወሰደው።»

ዴልሮዝ ሮጠች። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ አገዳው ከሰው በላይ ነው፤ የገዛ ኮቴዋ ከኋላዋ የሚከተላት መሰላት። ተኝቶ ባይነሣስ? ዞራ አላየችም።

ስትደርስ አባቷ ነቅቶ ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ፣ የወደቀውን እጁን እንደ ሰው ዕቃ ጭኑ ላይ አስቀምጦታል። እናቷ ጓዳ ውስጥ በጨው የደረቀ ዓሣ ታጥባለች። ዴልሮዝ መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። እናትን «በማንኪያ ስትመርዢው ነበር» አይባልም። ስለዚህ ስለ በርሜሉ ጀመረች፤ ስለ ልባጩ፣ ስለ ጣፋጩ። አይሲልዳ እጇ ከውሃው ሳይወጣ አዳመጠቻት።

«ምን እያልሽኝ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ሩሙ መርዝ ነው እያልኩሽ ነው፣ እማዬ።»

«እኔ መርዝ ሰጠሁት?»

አይሲልዳ እጇን ከውሃው አወጣች፤ በቀሚሷ ጠረገች፤ እንደገና ጠረገች። አልጮኸችም። ብትጮህ ለዴልሮዝ ይቀላት ነበር።

«እሷ አይደለችም» አለ ኤዝራ ከአልጋው። ሁሉንም ሰምቷል። «እርሳሱን የገፈፍኩት እኔ ነኝ። ቆርቆሮ ይዝጋል ብዬ።» ፊቱ ላይ ለብዙ ጊዜ ያልታየ ነገር መጣ፤ እፎይታ ይመስል ነበር። «እንግዲያው ሊንቫል አይደለማ?»

«አይደለም፣ አባዬ።»

«ሊንቫል አይደለም» አለ እንደገና፣ ለበሩ። «እንግዲያው ሐኪም ያውቅበታል።»

አይሲልዳ ግን ይህን አልሰማችም። ጓዳው መካከል ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሰው ስም እየጠራች እንደነበር ዴልሮዝ የገባት ዘግይቶ ነው። ከዚያ ሩም ለጉንፋን የሰጠችው ሰው፣ ለቁርጥማት ያሸችው ጉልበት። እጇ ቀስ ብሎ ወደ አፏ ሄደ።

«የዩና ልጅ ልጅ» አለች። «ጥርስ ሲያወጣ። ድዱን አሽቼለታለሁ። ትንሿን ጠርሙስም ሰጥቻታለሁ፤ ሲያለቅስ በጣትሽ ንከሪለት ብዬ።»

ባዶ እግሯን ወጣች። ዴልሮዝ አጥሩ ጋ ደረሰችባት። ሚስ ዩና ደጃፏ ላይ አተር ትፈለፍል ነበር፤ ሁለቱን ስታይ ፈገግ አለች።

«ሚስ አይሲ፣ እጅሽ ይባረክ! ያ መድኃኒትሽ አሳርፎኛል። ከጠዋት ጀምሮ ድምፁን አልሰማሁትም።»

አይሲልዳ አጥሩን ያዘች።

«ቀስቅሺልኝ» አለች።

«ምነው፣ እንዲህ አርፎ ሳለ—»

«ዩና፣ ልጁን ቀስቅሺልኝ።»

ሚስ ዩና የአይሲልዳን ፊት አይታ አተሩን ጣለችው። ገባች። ሁለቱ አጥሩ ላይ ቆመው አዳመጡ። ስም ስትጠራ ሰሙ። ዝምታ። እንደገና ስትጠራ፣ ድምፅዋ ከፍ ሲል። ዴልሮዝ እናቷ እጇን መያዟን ያወቀችው አጥንቷ ሲያማት ነው። ከዚያ ሕፃኑ አለቀሰ፤ መጀመሪያ እየተነጫነጨ፣ በኋላ ቤቱን እስኪያፈርስ። አይሲልዳ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።

ግሌንሮይ በጭነት መኪናው ሲደርስ ሚስ ዩና ከነሕፃኑ ከኋላ ተሳፈረች። አይሲልዳ ጠርሙሶቹን በቅርጫት አድርጋ አጠገቧ አኖረች፣ ሐኪሙ ማየት አለበት ተብላ፤ ከቅርጫቱ ግን ሸሽታ ነው የተቀመጠችው። እያንዳንዱን ጉድጓድ ባለፉ ቁጥር የሕፃኑን ድድ ልትመረምር ትሞክራለች፣ እሱም ይነክሳታል። ሚስ ዩና መሳደብ ጀምራ ነበር፤ መሐል ላይ ተወችው።

ኤዝራ ከፊት፣ ከዴልሮዝ አጠገብ ተቀምጧል። ይድን እንደሆነ ጠይቋት፣ ብዙ ሰው እንደሚድን፣ መድኃኒት እንዳለው፣ እጁ ግን ይመለስ አይመለስ እንደማታውቅ ነግራዋለች። ዋሽታ ልታጽናናው ፈልጋ አልቻለችም።

መኪናው ወደ ዋናው መንገድ ሲወጣ ወደሷ ዘንበል አለ።

«ዋጥሽው?»

«ተፋሁት።»

ራሱን ነቀነቀ።

«እንዴት ነበረች?» አለ። ድምፁ ያፈረ ሰው ድምፅ ነበር። «እውነቱን።»

ምላሷ ጫፍ ላይ ጣፋጩ አሁንም አለ፤ ስንት ጊዜ ተጉመጥምጣ አልሄደላትም።

«ከቀመስኩት ሁሉ ትበልጣለች፣ አባዬ» አለችው።

ከኋላቸው ሕፃኑ ዝም ሲል ሁሉም ዞረው አዩት፤ ወዲያው እንደገና ጮኸ፤ ግሌንሮይም ነዳጁን ረገጠ።